በብርድ የሚደክም ቡታጋዝ፦ ለበደሳና ለአካባቢዋ ማድ ቤቶች የሚሆን መመሪያ

በምዕራብ ሐረርጌ ወይና ደጋ ብርዱ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ በሚያድርባቸው ሌሊቶች መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይለቃል። ጎህ ሲቀድ በበደሳ ማድ ቤቶች ውስጥ ከሲሚንቶው ወለልና በላዩ ከቆመው የብረት ሲሊንደር የቀዘቀዘ ነገር አይገኝም። ማታ ሹሮውን ሲያንተከትክ ያመሸው ቡታጋዝ ጠዋት አንድ በራድ ሻይ ማፍላት ያቅተዋል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ «አለቀ» ብሎ ሲሊንደሩን ከነተረፈው ጋዝ ለማስቀየር ይልካል። ሌላው ሲሊንደሩን ፍም አጠገብ ያስጠጋዋል፣ ወይም የፈላ ውሃ ያፈስበታል። የመጀመሪያው ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛው ሕይወት ያጠፋል። ይህ መመሪያ አንድ ነገር እንዲያስጨብጥዎ የተጻፈ ነው፦ በብርድ የደከመ ጋዝ አላለቀም፤ ሙቀት አንሶት ነው። የሚያስፈልገውን ሙቀት ደግሞ ከአየሩ እንጂ ከእሳት ማግኘት የለበትም።

ሲሊንደሩ ውስጥ የሚሆነው

በኪስ የሚያዝ የፕላስቲክ ላይተር ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይመልከቱ። ውስጡ ውሃ የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ያ ፈሳሽ በዋናነት ቡቴን ነው። ትልቁ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፦ ከታች ፈሳሽ፣ ከላይ ተን። ምድጃው ላይ የሚነደው ተኑ ነው። ተኑ ወጥቶ በተቃጠለ ቁጥር ፈሳሹ አዲስ ተን እያመነጨ ይተካል፤ ለዚህ ሥራው ግን ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ግራም ፈሳሽ ጋዝ ወደ ተን ለመለወጥ የሚፈጀው ሙቀት፣ አንድ ግራም ውሃን ከ80 ዲግሪ በላይ ለማሞቅ ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት ሲሊንደሩ የሚያገኘው በብረቱ አካል አልፎ ከሚገባው ከአካባቢው አየር ነው።

ለቤት የሚሸጠው ጋዝ ብዙውን ጊዜ የፕሮፔንና የቡቴን ቅይጥ ሲሆን በሞቃት አገሮች ቡቴኑ ይበዛል። ሁለቱ ብርድን የሚችሉት እኩል አይደለም። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ እስኪደርስ ድረስ ይፈላል፤ በአሜሪካ ሚኒሶታን በመሰሉ ክረምታቸው እጅግ በሚከብድ ግዛቶች ለቤት በሲሊንደር የሚሞላው በዋናነት ፕሮፔን የሆነው ለዚህ ነው። ቡቴን ግን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መፍላቱን ያቆማል። በ25 ዲግሪ ሙቀት 2.4 ባር ገደማ የነበረው ግፊቱ በ10 ዲግሪ ወደ 1.5 ባር ይወርዳል። ፕሮፔን በዚያው በ10 ዲግሪ ከ6 ባር በላይ ግፊት አለው።

ከፍታችን በዚህ በኩል ያግዘናል። በአቅራቢያችን ያለችው ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ቡቴን ከዜሮ በታች ወደ 6 ዲግሪ እስኪጠጋ ድረስ መትነኑን አይተውም። የበደሳ ብርድ ብቻውን ጋዙን ጨርሶ አያቆመውም ማለት ነው። ጋዙን የሚያደክሙት ሦስት ነገሮች ሲደመሩ ነው።

አንደኛው የሌሊቱ ብርድ ነው። ሁለተኛው ሲሊንደሩ በሥራ ላይ ሳለ ራሱን የሚያቀዘቅዘው ነው፦ ሁለት በርነር ተከፍቶ ትልቅ ድስት ሲጣድ ፈሳሹ ከአየሩ ከሚቀበለው ሙቀት ይልቅ የሚያወጣው ይበልጥና ከማድ ቤቱም በታች እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሦስተኛው የቅይጡ ጠባይ ነው። ፕሮፔኑ ቶሎ የሚተን በመሆኑ ቀድሞ ይወጣል፤ ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲመጣ ከታች የሚቀረው አብዛኛው ቡቴን ነው። አዲስ የተሞላ ሲሊንደር ብርዱን ችሎ ሲሠራ፣ ሩብ የቀረው ያው ሲሊንደር በዚያው ጠዋት የሚለግመው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ብርዱ ሳይገባ ቦታውን ያስተካክሉ

ይህን ሥራ በጥቅምት ይጨርሱት። ሲሊንደሩ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ከቆመ ከሥሩ ጣውላ ያስገቡለት፤ ጣውላው የማይወዛወዝና ከሲሊንደሩ መቀመጫ ሰፋ ያለ ይሁን። ጣውላው ብረቱን ከቀዝቃዛው ወለል ከመለየቱም በላይ የሲሊንደሩን ሥር ከእርጥበትና ከዝገት ይጠብቃል።

ቀጥሎ ዙሪያውን ክፍት ያድርጉለት። የከሰል ጆንያ፣ የሽንኩርት ቅርጫት፣ ጀሪካን ተደግፎበት የሚኖር ሲሊንደር አየር በነፃ አይዞርበትም። በአራቱም በኩል እጅዎን ዘርግተው የሚያስገቡበት ክፍተት ይኑር። ከሚነደው በርነርም ሆነ ከከሰል ምድጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ከምድጃው በታች ባለ ዝግ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ላንሳ። ለሲሊንደር ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ መጠቅለል አይጠቅምም፤ ይባስ ብሎ ይጎዳል። ሰው ጋቢ ሲደርብ የሚሞቀው ሰውነቱ ራሱ ሙቀት ስለሚያመነጭ ነው፤ ሲሊንደር ግን የራሱ ሙቀት የለውም፣ የሚኖረው ከአየሩ በሚወስደው ነው። ሲጠቀልሉት ያንን መንገድ ይዘጉበታል። ጨርቁ እሳት ቢነካው የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው።

ሲሊንደሩን ከቤት ውጭ የሚያስቀምጡ ከሆነ ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ገመድ ያስሩት፣ ከነፋስ ይከልሉት፣ ከላይ ክዳን ያድርጉለት። የማለዳ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ቢሆን መልካም ነው፤ የቀትር ፀሐይ የሚጠብሰው ቦታ ግን አይሁን። ከቦይ፣ ከጉድጓድና ከምድር ቤት መስኮት ይራቅ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል ጊዜ፣ ቡቴን ሁለት ጊዜ ያህል። ሲያፈስ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ይተኛል።

ደረጃ 2፦ ጎማውንና ሬጉሌተሩን ይፈትሹ

ብርድ ጎማን ያደርቃል። በሙቀት ወቅት የሚለጠጠው ያረጀ ጎማ በጠዋት ብርድ ግትር ይልና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ጎማውን ከሬጉሌተሩ እስከ ምድጃው ድረስ በጣትዎ እየያዙ በቀስታ ጎበጥ ያድርጉት። በእጥፋቱ ላይ እንደ ጸጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከታዩ፣ ወይም ጫፎቹ ላይ ከላላ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይቀይሩት። ለጋዝ ተብሎ የተሠራ ጎማ ይግዙ፤ የውሃ ጎማ ጋዙ ስለሚበላው አይሆንም። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል አይለፍ፣ ከምድጃው ጀርባም አይዙር። ሁለቱም ጫፍ በብረት ማሰሪያ ይጥበቅ እንጂ በሽቦ አይታሰር።

ከዚያ የሳሙና ፍተሻውን ያድርጉ። በትንሽ ሳህን ላይ ሳሙና በውሃ በጥብጠው ጥሩ አረፋ ያውጡ። የምድጃውን ቁልፎች በሙሉ ዘግተው የሲሊንደሩን መክፈቻ ይክፈቱ። አረፋውን በስፖንጅ በሲሊንደሩ አንገት፣ በሬጉሌተሩ መገናኛ፣ በጎማው ሁለት ጫፎችና በምድጃው መግቢያ ላይ ይቀቡ። አረፋው እያበጠ የሚፈነዳበት ቦታ ካለ ጋዝ እያፈሰሰ ነው፤ ይዝጉት፣ ያጥብቁት ወይም ጎሚኒውን ይቀይሩት፣ እንደገና ይፈትሹ። ክብሪት ጭሮ መፈተሽ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ነበልባሉ ስለደከመ ብቻ ሬጉሌተሩን ከፍተኛ ግፊት በሚያሳልፍ ሬጉሌተር አይቀይሩት። የቤት ምድጃ የተሠራው ለዝቅተኛ ግፊት ነው። ቀን ሙቀቱ ሲመለስ በሌሊት ደካማ የነበረው ጋዝ በዚያ ሬጉሌተር በኩል ከምድጃው አቅም በላይ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ የጋዙን መጠን በሚዛን ይወቁ

በብርድ ጊዜ ነበልባል አይቶ የጋዝን መጠን መገመት አይቻልም። ግፊት የሚለካ ሰዓትም ቢሆን አይጠቅምም፤ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱ የሚወሰነው በሙቀቱ ነው እንጂ በመጠኑ አይደለም። ግማሽ የሞላና ሩብ የቀረው ሲሊንደር በአንድ ሙቀት ላይ ተቀራራቢ ግፊት ያሳያሉ።

የማይዋሸው ሚዛን ነው። በሲሊንደሩ አንገት ወይም እጀታ ላይ ባዶ ክብደቱ ተቀርጾ ያገኙታል። በደሳ የቡና አገር ናት፤ በየሠፈሩ ጆንያ የሚመዝን ሚዛን አይጠፋም። ሲሊንደሩን ሬጉሌተሩን ፈትተው ይመዝኑና ባዶ ክብደቱን ይቀንሱ። የተቀረጸው 13 ኪሎ ቢሆንና ሚዛኑ 15.5 ቢያሳይ፣ 2.5 ኪሎ ጋዝ አለዎት ማለት ነው። ባለ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ከሆነ አምስተኛው እጅ ገና አልተነካም።

አንድ ኪሎ ጋዝ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። መካከለኛ በርነር በሰዓት የሚፈጀው 150 ግራም ገደማ ስለሆነ አንድ ኪሎ ከስድስት ሰዓት በላይ ያነዳል። ሲሊንደሩን ለማስሞላት ወደ ጭሮ ወይም ከዚያም አልፈው ወደ አዳማ የሚልኩ ከሆነ፣ «አለቀ» ብለው ከጋዙ ጋር የሚልኩት የቀናት ቀለብ ማብሰያ መሆኑን ያስቡ።

ሚዛን በቅርብ ከሌለ ሌላ ዘዴ አለ። ከአንድ ኩባያ ያልበለጠ፣ እጅ የማያቃጥል ለብ ያለ ውሃ በሲሊንደሩ ጎን ላይ ከላይ ወደ ታች ያፍሱ። ጥቂት ቆይተው መዳፍዎን ከላይ ወደ ታች ያውርዱት። ባዶው ክፍል ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ፈሳሹ ያለበት ክፍል ግን ሙቀቱን ወዲያው ስለሚወስደው ብርድ ብርድ ይላል። መዳፍዎ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ የሚሻገርበት መስመር የፈሳሹ ከፍታ ነው። ይህ መጠኑን ለማወቅ ብቻ የሚደረግ ነው፤ ማሞቂያ አያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ጠዋት ነበልባሉ ሲደክም በቅደም ተከተል ይመርምሩ

መጀመሪያ ያሽትቱ። የጋዝ ሽታ ካለ ይህን ደረጃ ይተዉትና በመመሪያው መጨረሻ «ጋዝ ከሸተተ» በሚለው ርዕስ ሥር ያለውን ይፈጽሙ። ሽታ ከሌለ ነበልባሉን ልብ ብለው ያስተውሉት።

ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ዝቅ ካለ ችግሩ ግፊት ነው። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት የሚቀባ ከሆነ ችግሩ ብርድ ሳይሆን አየር ነው፤ በርነሩ በሹሮ ወይም በወተት ግንፋይ ተደፍኗል፣ ወይም የአየር ማስገቢያው ቆሽሿል። አንዱ በርነር ደክሞ ሌላው ደህና ከሆነም ጥፋቱ የሲሊንደሩ አይደለም፤ የደከመው በርነር ቀዳዳ ይጽዳ።

ሁሉም በርነሮች ሰማያዊ ሆነው እኩል ከደከሙ ጎማው ታጥፎ ወይም ዕቃ ተጭኖት እንደሆነ ይመልከቱ። እሱ ደህና ከሆነ ሲሊንደሩን ይመዝኑ። ክብደቱ ከባዶው ጋር ከተቀራረበ ጋዙ በእርግጥም አልቋል። ጋዝ እያለው ከሆነ ብርድ ነው፤ በዚህ ጊዜ እንዲህ ያድርጉ።

አንድ በርነር ብቻ ያስቀሩና ሌላውን ያጥፉ። ሲሊንደሩ የሚጠየቀው ተን በግማሽ ሲቀንስ ፈሳሹ የሚቀዘቅዝበትም ፍጥነት ይቀንሳል። ከትልቁ ድስት በፊት ትንሹን ይጣዱ፤ ሁልጊዜም ይክደኑ። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ባቄላና ሥጋ ከቆላው አገር ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይጣዳሉ፤ ክዳን የሌለው ድስት በብርድ ማለዳ ጋዝ የሚበላው በከንቱ ነው። የሚቀቀለውን ጥራጥሬ ማታ ነክረው ማሳደርም ከጋዙ ላይ ብዙ ይቀንሳል።

ነበልባሉ አሁንም እየወረደ ከሄደ መክፈቻውን ዘግተው ሲሊንደሩን ያሳርፉት። እስከ ረፋድ አየሩ ሲሞቅ ፈሳሹም አብሮ ይሞቃል። ቀን ላይ ነበልባሉ ከተመለሰ ምርመራዎ ትክክል ነበር ማለት ነው። ቀን ሞቆም ካልተመለሰ፣ ሲሊንደሩም ከባድ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ሬጉሌተሩ ያመራል፤ ለሚያውቅ ባለሙያ ያሳዩት።

ሁለት ሲሊንደር ያለው ቤት ይበልጥ የተመቸ ነው። ሙሉውን ለጠዋትና ለትልቅ ድስት፣ የጎደለውን ለቀትርና ለቀላል ሥራ ያውሉት። በቀን ሙቀት ቡቴኑ በደንብ ስለሚተን የጎደለው ሲሊንደር እስከ መጨረሻው ያገለግላል። ምድጃዋ አናቷ ላይ የተገጠመላትን ትንሽ ሲሊንደር የሚጠቀም ደግሞ ድካሙ ቶሎ እንደሚመጣ ይወቅ፤ ፈሳሹ ጥቂት፣ ከአየር ጋር የሚገናኘው ብረትም ጠባብ ነው።

ደረጃ 5፦ ላቡንና አመዳዩን ያንብቡ

ምድጃው ለረጅም ጊዜ ሲነድ በሲሊንደሩ ወገብ ላይ የውሃ ጠብታ ይታያል፤ ከሩቅ ሲያዩት ከታች ያለው ግማሽ ያላበው ይመስላል። ይህ ከሲሊንደሩ የወጣ ነገር አይደለም፤ የማድ ቤቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ደርሶ ውሃ የሆነው ነው። መስመሩ የፈሳሹን ከፍታ ያሳያል፤ ሲሊንደሩ ራሱን እያቀዘቀዘ መሆኑንም ይናገራል።

ላቡ ወደ ነጭ አመዳይ ከተለወጠ ሲሊንደሩ ከአቅሙ በላይ እየተጠየቀ ነው። አንዱን በርነር ያጥፉ ወይም ያሳርፉት። አመዳዩን በቢላ አይፋቁ፣ በእሳት አያቅልጡ፤ ራሱ ይጠፋል።

ለይተው ማወቅ ያለብዎት አደገኛ አመዳይ ግን አለ። ምድጃው ጠፍቶ ሳለ በመክፈቻው፣ በሬጉሌተሩ መገናኛ ወይም በጎማው ጫፍ ላይ ብቻ ነጭ ነጥብ ከታየ ጋዝ እያመለጠ ነው። ያንን ቦታ በባዶ እጅ አይያዙት፤ የሚያመልጠው ፈሳሽ ቆዳን እንደ እሳት ይልጣል።

ደረጃ 6፦ እነዚህን ፈጽሞ አያድርጉ

ሲሊንደርን በፍም፣ በሻማ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም በፈላ ውሃ አያሙቁ። እሳት አንዱን ጎን ብቻ ሲያገኘው ብረቱ እዚያ ላይ ይዳከማል፤ ውስጡ ያለው ግፊት ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ይንራል። ሲሊንደር ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ አይገባም፤ የፈላ ውሃ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ሲሊንደርን አጋድመው ወይም ዘቅዝቀው አያንድዱ። ሲጋደም በተኑ ፈንታ ፈሳሹ ወደ ጎማው ይገባል። ፈሳሽ ጋዝ ወደ ተን ሲለወጥ ከ200 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ምድጃው ላይ የሚወጣው ነበልባል እስከ ጣሪያ ይደርሳል። አንዳንዶች የመጨረሻዋን ጠብታ ለማውጣት የሚያደርጉት ይህ ነው፤ ከዚያች ጠብታ ጋር ማድ ቤቱ ይሄዳል።

መነቅነቅና ማንከባለልም ጥቅም የለውም። ነበልባሉ ለአፍታ ከፍ ቢል እንኳ ወዲያው ይመለሳል፤ በዚያ መሐል መክፈቻው ቢጎዳ ግን የሚመለስ ነገር የለም።

ደረጃ 7፦ ለሙቀት ብለው ቤቱን አይድፈኑት

በብርድ ጊዜ ሰው የሚገድለው ጋዙ ብቻ አይደለም፤ የተደፈነ ክፍልም ነው። መስኮት ዘግቶ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፎ፣ ምድጃ ወይም የከሰል እሳት አጠገብ መተኛት ሕይወት ያስከፍላል። አየር ባነሰበት የሚነድ እሳት ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳይሰማው ያልፋል። ከሰል በዚህ ከሁሉ የከፋ ነው። የጋዝ ምድጃም ምግብ ማብሰያ እንጂ ክፍል ማሞቂያ አይደለም።

ማድ ቤቱ ሁለት ክፍተት ያስፈልገዋል። አንዱ ከላይ ለጭስና ለእንፋሎት፣ ሌላው ከታች ከወለሉ እኩል። የታችኛው ክፍተት በብርድ ጊዜ መጀመሪያ የሚደፈነው ነው፤ የሚያፈስ ጋዝ የሚወጣበት በር ግን እሱ ብቻ ነው። ማታ ከመተኛትዎ በፊት የሲሊንደሩን መክፈቻ ራሱን ይዝጉ፤ የምድጃውን ቁልፍ መዝጋት ብቻ አይበቃም። ሲሊንደሩ እንዳይቀዘቅዝ ብለው መኝታ ክፍል አያሳድሩት።

ደረጃ 8፦ ከቆላ ወደ ወይና ደጋ ሲያጓጉዙ ይጠንቀቁ

ከአዋሽ ወይም ከሚኤሶ በኩል ወደ ጭሮ ከዚያም ወደ በደሳ የሚመጣ ሲሊንደር በአንድ ቀን ውስጥ ከቆላ ሙቀት ወደ ወይና ደጋ ብርድ ይሻገራል። ሚኤሶ ላይ በቀትር ያቃጥል የነበረ ብረት በማግስቱ ጠዋት እጅ ይቆረጥማል። ከበደሳ ወደ ቁኒ ደጋ የሚወጣ ደግሞ ከዚያም የከፋ ብርድ ያገኛል። ያው ሲሊንደር፣ ያው ጋዝ ሆኖ ሚኤሶ ያለ ዘመድዎ ሳይቸገር የሚጠቀምበት፣ እርስዎ ጋ የሚለግመው ለዚህ ነው። ጋዙ «ተቀላቅሏል» ብለው ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት የጠዋቱን ብርድ ያስቡ።

ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ አደጋው ይገለበጣል። ሲሊንደር ሁልጊዜ ከ80 እስከ 85 በመቶ ብቻ ይሞላል፤ የቀረው ባዶ ቦታ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ነው። ከ10 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ፈሳሹ በመቶ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያህል ይሰፋል። ከልኩ በላይ የተሞላ ሲሊንደር በብርድ አገር ምንም ሳይታወቅበት ቆይቶ ቆላ ሲደርስ አደጋ ይሆናል። ስለዚህ ሲረከቡ ይመዝኑ፦ መጉደሉ ገንዘብዎን፣ መብለጡ ሕይወትዎን ይነካል።

በመንገድ ላይ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ይታሰር፣ መክፈቻው ተዘግቶ ክዳኑ ይደረግበት። ተሳፋሪ በተጫነበት ዝግ ሚኒባስ ውስጥ አይግባ። ቤት ሲደርስ ጥላ ሥር አሳርፈው፣ የሳሙና ፍተሻውን ደግመው ከዚያ ያንድዱት።

ደረጃ 9፦ ጾሙንና በዓሉን አስበው ይቁጠሩ

ትልልቅ ድስቶች የሚጣዱት በብርዱ ወራት ነው። ገና ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ጥር 11 ይውላል። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም ባሉት ዓመታት የጥርና የታኅሣሥ ብርድ ውስጥ ይገባል። ሱሁር የሚበስልበት ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ቤቱም ሲሊንደሩም እጅግ የቀዘቀዙበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ከጾሙ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ሲሊንደሩን ይመዝኑ። ከሩብ በታች ከሆነ ሙሉ ሲሊንደር ያዘጋጁና ለሌሊቱ እሱን ያውሉ፤ የጎደለውን ለአፍጥር ያቆዩት፣ ቀን የሞቀው አየር ያግዘዋል። የሱሁርን ምግብ በማታው ጨርሰው ሌሊት ማሞቅ ብቻ ቢቀር ጋዙም እንቅልፍዎም ይተርፋል። ለሆጃውና ለሻዩ ውሃ ማታ አፍልተው በፔርሙዝ ማሳደር ጠዋት ከደካማ ነበልባል ጋር ከመታገል ያድናል።

ጋዝ ከሸተተ

ጋዙ ራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸተው እንዲታወቅ ተብሎ የሚጨመርበት መድኃኒት ነው። ሽታውን አይልመዱት። መቶ እጅ አየር ውስጥ ሁለት እጅ ያህል ጋዝ ሲገባ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል።

እሳት ካለ ያጥፉ። የሲሊንደሩን መክፈቻ ይዝጉ። መብራት አያብሩ፣ የበራውንም አያጥፉ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ብልጭታ አለው። ስልክ እዚያ አይነካኩ። በሩንና መስኮቱን ከፍተው ልጆችንና አረጋውያንን ይዘው ይውጡ። ወለሉ ላይ የተኛውን ጋዝ በበሩ በኩል አየር እንዲጠርገው ጊዜ ይስጡት። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋና የሚያፈሰው ቦታ ሳይታወቅ ተመልሰው አያንድዱ።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ቢያደርጉ የመመሪያው ግማሽ ተፈጽሟል፦ ከሲሊንደሩ ሥር ጣውላ ያስገቡ፣ ጎማውን በሳሙና ይፈትሹ፣ ባዶ ክብደቱን አንብበው ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፉ። ከዚያ በቤቱ ውስጥ ለሚያበስል ሁሉ፣ ለልጆችም ለሠራተኛም፣ ደካማ ነበልባል ሲያዩ መጀመሪያ እንዲመዝኑ፣ ቀጥሎ እንዲጠብቁ፣ እሳት ግን ወደ ሲሊንደሩ ፈጽሞ እንዳያስጠጉ ይንገሯቸው።